ከመድኃኒት በፊት፦ ለቀዥቃዣ ሕፃን ቤት ውስጥ የሚሠራ ሥራ

የአራት ዓመት ልጃቸው ምሳውን ተቀምጦ መጨረስ ያቃተው፣ ከኬጂም በየቀኑ ስሞታ የሚመጣባቸው ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ «ምን ልስጠው?» ብለው ይጠይቃሉ። ማር? ጥቁር አዝሙድ? የዓሣ ዘይት? ወይስ ስኳር ልከልክለው? ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ነው። ሕፃን ልጅን ኪኒን ማስጀመር የሚያስፈራው ወላጅ ሌላ መንገድ ቢፈልግ አይፈረድበትም፤ ይህንንም የምጽፈው ለዚያ ወላጅ ነው። መልሴ ግን ከጠበቃችሁት ሊለይ ይችላል። በዚህ ዕድሜ ብዙ ለውጥ የሚያመጣው የተፈጥሮ መፍትሔ ያለው ትልቁ ሰው ልጁን በሚያዝበት፣ በሚያመሰግንበትና ቀኑን በሚያደራጅበት መንገድ ላይ ነው። ምግቡም እንቅልፉም ሩጫውም ይረዳሉ፤ የሚረዱት ግን ይህ ሲኖር ነው።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ 4 ዓመት ለሞላቸውና 6 ዓመት ላልሞላቸው ልጆች በቅድሚያ የሚታዘዘው ለወላጆች የሚሰጥ የልጅ አያያዝ ሥልጠና ነው። መድኃኒት የሚታሰበው ያ ተሞክሮ በቂ ለውጥ ሳይታይ ሲቀር ነው። የእንግሊዝ የጤና መመሪያም ከ5 ዓመት በታች ላሉት የሚጀምረው ከወላጆች ሥልጠና ነው። መድኃኒቱ እንደ ትልልቆቹ ልጆች ትንንሾቹን አይረዳም፤ የምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ የእንቅልፍ መረበሽና ነጭናጫነት ደግሞ በእነሱ ላይ ይበረታሉ።

ችግሩ በሕክምና ስሙ የትኩረት ማነስና ከመጠን ያለፈ መቁነጥነጥ ይባላል፤ በአጭሩ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ሲሉት ትሰማላችሁ። ከ100 ልጆች 5 ያህሉ ላይ ይታያል። በመንታ ልጆች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት በዘር የመተላለፍ ኃይሉ ከፍተኛ ነው። ስለዚህ «ስድ አደግ» የሚለው ስድብ ልጁንም እናቱንም አይገልጽም። ከወላጆቹ አንዱ ቁልፉን የሚረሳ፣ የጀመረውን የማይጨርስ፣ በልጅነቱም አላስቀምጥ ያለ ሰው ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ራሳችሁን አትውቀሱ፤ ከዚህ በታች ያለውን ሥራ ስትጀምሩ ግን ለራሳችሁም በስልካችሁ ማስታወሻ አድርጉ፤ የትዳር አጋራችሁም እንዲያስታውሳችሁ ንገሩ።

መጀመሪያ፦ መዝግቡ፣ አጣሩ

አንድ ደብተር ያዙና ለሁለት ሳምንት ጻፉ። ሰዓቱን፣ ማን አብሮት እንደነበረ፣ ምን እንደታዘዘ፣ ምን እንዳደረገና በመጨረሻ ምን እንደተፈጠረ። ለምሳሌ፦ «ማክሰኞ ማታ 1 ሰዓት፤ ቴሌቪዥን ሲጠፋበት ጮኸ፣ ሪሞቱን ወረወረ፣ ዝም እንዲል ተመልሶ ተከፈተለት።» ዋናው ነገር ያለው ከዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ነው። ልጁ በዚያች ማታ መጮኽ ቴሌቪዥን እንደሚያስከፍት ተምሯል። ሁለት ሳምንት የጻፈ ወላጅ ልጁ «ሁልጊዜ» እንደማይረብሽም ያያል፤ ሲርበው፣ ሲደክመው፣ ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ሲሸጋገርና ትልልቆቹ በሥራ ሲጠመዱ ነው የሚበረታበት።

ከዚያ ዕድሜውን አስቡ። የሦስት ዓመት ልጅ ረጅም ጊዜ አለመቀመጡ የሦስት ዓመት ልጅነቱ ነው። ሐኪሞች ይህን ስም የሚሰጡት ምልክቶቹ ቢያንስ ለ6 ወር ሲቆዩ፣ በቤትም በትምህርት ቤትም ማለትም ቢያንስ በሁለት ቦታ ሲታዩ፣ ከእኩዮቹም ጎልተው ኑሮውን ሲያውኩ ነው። ቤት ውስጥ ብቻ ወይም በአንዲት አስተማሪ ክፍል ብቻ የሚታይ ከሆነ መጀመሪያ ያንን ቦታ መርምሩ። በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ በታኅሣሥ የተወለዱ የክፍሉ ትንንሽ ወንዶች ልጆች በጥር ከተወለዱት የክፍል ጓደኞቻቸው ይልቅ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. አለባቸው የመባል ዕድላቸው በ30 በመቶ ከፍ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። ልጃችሁን ዓመት ሳይሞላው ቸኩላችሁ ካስገባችሁት፣ ችግሩ አንድ ክፍል ዝቅ በማለት ብቻ ሊቀል ይችላል።

ሕመሙን የሚመስሉ ሌሎች ነገሮች አሉ፤ ይህን ክፍል እባካችሁ አትዝለሉት። ጆሮው በተደጋጋሚ የሚያመረቅዝ ልጅ ስለማይሰማ «አይታዘዝም»። ዓይኑ የደከመ ልጅ ሰሌዳው ስለማይታየው ይነሳል፣ ይዞራል። በቶንሲል ምክንያት ሌሊቱን ሲያንኮራፋ የሚያድር ልጅ ቀን ላይ እንደ ትልቅ ሰው አያንቀላፋም፤ ይባስ ብሎ ይቀዠቅዣል። ደም ማነስ ትኩረት ይቀንሳል። ለጥቂት ሰከንዶች ፈዝዞ አንድ ቦታ የሚያይ፣ ሲነኩት የማይመልስ፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ የሚቀጥል ልጅ ካለ ቀላል የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል በቶሎ ሐኪም ይየው። በጦርነት ወይም በመፈናቀል ውስጥ ያለፈ፣ ወላጁን ያጣ፣ ቤት ውስጥ ጠብ የሚያይ ሕፃንም መቀመጥና ማድመጥ ያቅተዋል። ለዚህ ልጅ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ደኅንነትና አብሮት የሚሆን ሰው ነው።

ስለ ሴቶች ልጆችም አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቹ አይሮጡም፣ አይረብሹም፤ ጸጥ ብለው በሐሳብ ይሄዳሉ። «ጨዋ ናት» ተብለው ዓመታት ያልፉባቸዋል። ስሟ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ የማትሰማ፣ የጀመረችውን የማትጨርስ ልጅ ካለቻችሁ ደብተሩን ለእሷም ክፈቱ።

ሁለተኛ፦ እንቅልፉን አስተካክሉ

ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ በቀንና ሌሊት ተደምሮ ከ10 እስከ 13 ሰዓት፣ 6 ዓመት የሞላው ደግሞ ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል። አሁን አስሉት። ከእኛ ጋር እስከ ማታ 4 ሰዓት አምሽቶ ለሰርቪስ ጠዋት 12 ሰዓት የሚቀሰቀስ የአምስት ዓመት ልጅ የተኛው 8 ሰዓት ነው። በየቀኑ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይጎድለዋል። የዚህን ልጅ ጠባይ በምንም ቅጠል ማስተካከል አይቻልም።

የመኝታ ሰዓቱን በአንድ ጊዜ ወደ ማታ 2 ሰዓት አትጎትቱት፤ በየሁለትና ሦስት ቀኑ 15 ደቂቃ አምጡት። ቅደም ተከተሉ አይለወጥ፦ ራት፣ መታጠብ፣ የሌሊት ልብስ፣ አንድ ተረት፣ መብራት። ስልክና ቴሌቪዥን ከመኝታው አንድ ሰዓት በፊት ይጥፉ። ቤታችሁ አንድ ክፍል ከሆነ ፊቱ ወደ ግድግዳ እንዲዞር አልጋውን አዙሩ፣ መብራቱን ቀንሱ፣ እንግዳ ካለም ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ቅዳሜና እሑድ ሰዓቱ አይፍረስ። አብዛኛውን ሌሊት የሚያንኮራፋና አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ ከሆነ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

ሦስተኛ፦ አንድ ትእዛዝ፣ ከቅርብ

በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ከሁሉ የበለጠ ለውጥ የሚገኘው ከዚህ ነውና።

ወጥ ቤት ሆነን «ማሙሽ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፋና እጅህን ታጠብ፣ ከዚያ ቦርሳህን አምጣ፣ ነገ ትምህርት አለ አይደል እንዴ!» ብለን እንጣራለን። ሦስት ትእዛዝና አንድ ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ፣ ከሌላ ክፍል፣ በቴሌቪዥን ጩኸት ላይ። ጤናማ ልጅም ሁለተኛውን ይረሳል። ይህ ችግር ያለበት ልጅ የመጀመሪያውንም አይሰማውም፤ እኛ ግን ሰምቶ እምቢ ያለ ይመስለናል። ከዚያ ጩኸቱ ይጨምራል፣ በመጨረሻም ጥፊ ይመጣል።

እንዲህ አድርጉ። ልጁ ወዳለበት ሂዱ። በርከክ ብላችሁ ፊታችሁን ከፊቱ ትይዩ አድርጉ። እጃችሁን ትከሻው ላይ አኑሩ፣ ስሙን ጥሩ፣ ሲያያችሁ ብቻ ተናገሩ፦ «ማሙሽ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፋ።» ሌላ አትጨምሩ። «ታጠፋልኛለህ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ጥያቄ ከሆነ «አይ» ማለትም መልስ ነውና። ከዚያ በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ። ዝምታዋ ትከብዳለች፤ ቢሆንም ታገሡ፣ ሐሳቡ ወደ እጁ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። ከተነሣ ገና ሳይጨርስ አመስግኑት። ካልተነሣ በዚያው ድምፅ አንድ ጊዜ ድገሙለት፤ አሁንም ካልሆነ እጁን ይዛችሁ አብራችሁት አጥፉ። ሦስተኛ ጊዜ መናገር የለም። ሰባት ጊዜ የሚነገረው ልጅ እስከ ሰባተኛው መጠበቅን ይለምዳል።

«አትሩጥ» ስንለው የሚሰማው ሩጫን ብቻ ነው። የምትፈልጉትን ንገሩት፦ «እጄን ይዘህ ቀስ ብለህ ሂድ»፣ «ዝቅ ባለ ድምፅ ንገረኝ»፣ «እጅህን ጭንህ ላይ አድርግ»። «አባትህ ይምጣ ብቻ!»፣ «ለፖሊስ ነው የምሰጥህ» የሚሉትን ደግሞ ተዉአቸው። ለዚህ ልጅ ማታ የሚመጣ ነገር ቀን ላይ የለም፤ ጊዜን የሚያየው በጣም በአጭሩ ነው። ማስፈራሪያው ሳይፈጸም ሲቀርም ቃላችሁ ይረክሳል።

በቃል የሚነገረው ስለሚጠፋበት በዓይን የሚታይ ነገር ስጡት። በወረቀት ላይ የጠዋቱን ሥራ በሥዕል ሣሉ፦ ፊት መታጠብ፣ ልብስ፣ ቁርስ፣ ጫማ፣ ቦርሳ። በእሱ ቁመት ልክ ግድግዳው ላይ ለጥፉት። «ቀጥሎ ምንድን ነው?» ስትሉት ሄዶ ያያል። ለውጥ ከመምጣቱ በፊትም አስጠንቅቁት፤ «በቃ ና!» ከማለት «ሁለቴ ትንሸራተትና እንሄዳለን» ይሻላል።

ከእነዚህ ሁሉ ጋር፣ በቀን 5 ደቂቃ የእሱ ብቻ የሆነ ጨዋታ ይኑራችሁ። ሺላ አይበርግ የተባሉት አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ ጀምሮ ባዳበሩት የወላጅና የልጅ ሕክምና ውስጥ የየቀኑ የቤት ሥራ ይህ ነው። ጨዋታውን እሱ ይመርጣል፣ እሱ ይመራል። እናንተ አታስተምሩም፣ አታርሙም፣ «ይሄ ምን ቀለም ነው?» ብላችሁም አትፈትኑትም። የሚያደርገውን ብቻ ትናገራላችሁ፦ «መኪናዋን ዳገት አወጣሃት። አሁን ደግሞ ታንከባልላታለህ።» ስልካችሁ በሌላ ክፍል ይሁን። ቀኑ በጣም የከፋ ቢሆንም እንኳ ይቺ 5 ደቂቃ በቅጣት አትወሰድ። ከጠዋት ጀምሮ ስሙ በቁጣ ብቻ ሲጠራ ለሚውል ልጅ ከእናንተ ጋር መሆን ደስ የሚል ነገር መሆኑን የሚያስታውስበት ሰዓት እሷ ናት።

አራተኛ፦ ምስጋናና የባቄላው ብርጭቆ

«ጎበዝ» ጥሩ ቃል ነው፤ ግን ለምን እንደተባለ ካልነገራችሁት ልጁ ምን መድገም እንዳለበት አያውቅም። «ጫማህን አውልቀህ ቦታው አስቀመጥከው፤ ጎበዝ!» በሉት። ወዲያው በሉት። ደግሞም ሲረብሽ ከምትናገሩት በላይ ሲያለማ ተናገሩት። መጀመሪያ ላይ የሚመሰገን ነገር ካላገኛችሁ ትንንሹን ፈልጉ፦ ለሁለት ደቂቃ ተቀመጠ፣ እህቱን ሳይገፋ አለፈ፣ ሲጠራ ዞረ።

ሽልማቱ የሚታይና ቅርብ ይሁን። አንድ ብርጭቆ ውሰዱና ከሁለት ሥራ በላይ አትምረጡ፤ ለምሳሌ ምግብ እስኪያልቅ መቀመጥና ሲጠራ መምጣት። ባደረገው ቁጥር አንድ ባቄላ ይጣልበት። አምስት ሲሞላ በዚያው ቀን የሚያገኘው ነገር ይኑር፤ ገንዘብ የሚያስወጣ መሆን የለበትም፦ በአባቱ ትከሻ መሄድ፣ ዛሬ ተረቱን እሱ መምረጥ፣ ከእናቱ ጋር ሊጥ ማቡካት። ለልደቱ ብስክሌት ቃል መግባት ለዚህ ልጅ ዋጋ የለውም፤ በጣም ይርቀዋል። አንዴ ያገኘውን ባቄላ ደግሞ በጥፋት አትመልሱበት። ያኔ ጨዋታው ቅጣት ሆኖ ያልቃል። ቤት ውስጥ ገና የሚድህ ሕፃን ካለ ባቄላው በጉሮሮው ሊሰነቀር ስለሚችል በካርቶን ቁራጭ ወይም በስቲከር ለውጡት።

ይህ ሥራ የሚፈርሰው ቤተሰቡ አንድ ቃል ሳይሆን ሲቀር ነው። በብዙ ቤት ከልጁ ጋር ረጅሙን ሰዓት የምትውለው ሞግዚቷ ወይም አያቱ ናቸው። ለሞግዚቷ በቁጣ መመሪያ ከመስጠት አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ አሳዩአት፤ ብርጭቆውን እሷም ትሙላ፣ የሠራችውንም አመስግኑላት። አያቲቱን በአክብሮት ወደ ሥራው አስገቡ፦ «እማዬ፣ ሲጮኽ ብስኩት ከሰጠነው ጩኸቱን ነው የምናስለምደው። ዝም ሲል ግን እርስዎ ይስጡት፤ ከእርስዎ እጅ ሲሆን ደስ ይለዋል።»

ስለ ዱላ

ቁንጥጫ፣ አርጩሜ፣ በርበሬ ማጠን፤ ብዙዎቻችን ያደግንበት ነው፤ የሚያደርጉትም ልጃቸውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው። ግልጽ ልሁን፦ ለዚህ ልጅ አይሠራም፣ ይጎዳዋልም። እጁ የሚቀድመው ልጅ ትናንት መመታቱን የሚያስታውሰው ካደረገው በኋላ ነው። ሲመታ የሚማረው የተናደደ ሰው እንደሚመታ ነው፤ ነገ በክፍል ጓደኛው ላይ ይሞክረዋል። በተቋማትም ቢሆን ክልክል ነው፤ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በአሳዳጊ ተቋማት ውስጥ ከአካል ቅጣት የተጠበቁ እንዲሆኑ ይደነግጋል።

በዱላው ፋንታ ሁለት ነገር ያዙ። የመጀመሪያው፣ ማንንም የማይጎዳውን ነገር፣ ማለትም ማልቀሱን፣ መነጫነጩን፣ መንከባለሉን፣ አይታችሁ እንዳላያችሁ እለፉት፤ ልክ ሲያቆም ወደ እሱ ዙሩ። ይህን በጀመራችሁበት ሰሞን ጩኸቱ ይብሳል፣ ከወትሮው ይረዝማል። ይሠራ የነበረው መንገድ ስለተዘጋበት በኃይል እያንኳኳ ነው። በዚያ ቀን ከተሸነፋችሁ የሚማረው ረዘም አድርጎ መጮኽን ስለሆነ፣ መቻላችሁን ሳታረጋግጡ አትጀምሩት። ሁለተኛው ለመምታት፣ ለመንከስና ዕቃ ለመስበር ነው፦ ወዲያው፣ ያለ ንግግር፣ እናንተን ሊያይ በሚችልበት አንድ ወንበር ላይ ለ3 ወይም ለ4 ደቂቃ ይቀመጥ። ጨለማ ክፍል ውስጥ አይዘጋበት። ሲነሣ ጉዳዩ ያለቀ ነው፤ ማታ ለአባቱ እንደገና አይነገርበት።

አምስተኛ፦ ሰውነቱ ይድከም

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ይመክራል፤ ከዚያ ውስጥ 60ው ልብ የሚያስመታ መሆን አለበት። በስክሪን ፊት የሚያሳልፈው ደግሞ ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይህ ከባድ ነው፤ ቢሆንም ደረጃ አለ፣ ግቢ አለ፣ ሰፈር ውስጥ ሜዳ አለ። ከኬጂ ሲመለስ ወደ ደብተር ከመቅረቡ በፊት ግማሽ ሰዓት ይሩጥ። በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ያለባቸው ከ7 እስከ 12 ዓመት የሆኑ ልጆች በፓርክ ውስጥ 20 ደቂቃ ሲራመዱ በከተማ መንገድ ከመራመድ የተሻለ ትኩረት እንዳገኙ አሳይቷል። ዛፍ ያለበት ቦታ ካገኛችሁ በዚያ በኩል ሂዱ።

ጨዋታዎቻችን ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ይመስላሉ። አኩኩሉ ሲጫወት ዓይኑን ጨፍኖ «ነጋ» እስኪባል መጠበቅ አለበት፤ ራስን መግታት ማለት ይኸው ነው፣ ሳይታወቀው ይለማመደዋል። ሰኞ ማክሰኞ ተራ መጠበቅንና በአንድ እግር ቆሞ ማሰብን ያስተምራል። ዝናብ ከሆነ ዘፈን ክፈቱና እስክስታ ይምታ፤ ድንገት ስታቆሙት ባለበት ይድረቅ። ቤት ውስጥ ሥራም ስጡት፦ ውኃ ማምጣት፣ ሰፌድ ማቀበል፣ ሽንኩርት ከጓዳ ማምጣት። ተቀምጦ ከሚያደምጠው ምክር ይልቅ እየተላከ የሚሠራው ሥራ ደስ ያሰኘዋል።

ይህ ልጅ ከሌሎች ልጆች በበለጠ ለአደጋ የተጋለጠ መሆኑንም አትርሱ። የከሰል ምድጃ ወለል ላይ አይቀመጥ፤ በረኪናና ነጭ ጋዝ ከፍ ያለ ቦታ ይቆለፍባቸው፤ የፎቁ መስኮትና በረንዳ ይታጠር፤ አስፋልት ዳር እጁ አይለቀቅ።

ስድስተኛ፦ ገበታው

ስኳር ልጅን ያቀዠቅዣል የሚለው እምነት በጣም የተስፋፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ ወላጆቻቸው «ስኳር ይቀይራቸዋል» ያሏቸው ልጆች ለሳምንታት ስኳር የበዛበት ምግብ ሲበሉም ስኳር የሌለበትን ሲበሉም በጠባያቸው ልዩነት አልታየም። በዚያው ዓመት በታተመ ሌላ ጥናት ልጃቸው ስኳር እንደጠጣ የተነገራቸው እናቶች፣ ልጁ ስኳር ባይጠጣም እንኳ ይበልጥ እንደቀዠቀዠ ተናግረዋል። ስኳርን ለጥርሱና ለጤናው ብላችሁ ቀንሱ፤ ይህን ችግር ይፈውሳል ብላችሁ ግን አትድከሙ።

ሰው ሠራሽ ቀለም ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን የተካሄደ ጥናት አንዳንድ ቀለሞችና ሶዲየም ቤንዞኤት የተባለው ማቆያ ተቀላቅለው ሲሰጡ የልጆች መቁነጥነጥ በመጠኑ እንደሚጨምር አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮም የአውሮፓ ኅብረት እነዚህ ቀለሞች ያሉበት ምግብ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት አዟል። ውጤቱ ትንሽ ነው፣ በሁሉም ልጅ ላይም አይታይም። ቢሆንም ቀለማቸው የደመቀ ከረሜላ፣ ጄሊና የታሸገ ጭማቂ ልጁ የሚያጣው ጥቅም ስለሌላቸው ለሦስት ሳምንት አስቁሙና ደብተራችሁ ላይ ልዩነት እንዳለ ተመልከቱ። በማሸጊያው ላይ ታርትራዚን፣ ሰንሴት የሎው ወይም አሉራ ሬድ የሚሉትን ስሞች ፈልጉ።

አይረን የሚባለው የብረት ማዕድን ሲያንስ ትኩረትም እንቅልፍም ይታወካል። ጤፍ፣ ምስር፣ ሥጋና ጎመን ይሰጡታል፤ የቦካ እንጀራ ካልቦካው ይልቅ አይረኑን ለሰውነት ያቀርባል፤ ቲማቲም፣ ሎሚና ብርቱካን ደግሞ ያግዛሉ። የሚያደናቅፈው ብዙ ቤት ለሕፃን ከምግብ ጋር የሚቀርበው ሻይ ነው። ሻዩን ከገበታው አንሱት። የአይረን ኪኒን ወይም ሽሮፕ ግን ፌሪቲን የሚባለው የደም ምርመራ ሳይታይና ሐኪም ሳያዝ አትስጡ፤ መጠኑ ካለፈ ሕፃን ይገድላል። የዓሣ ዘይት በአንዳንድ ጥናቶች ትንሽ ረድቷል፤ በጣም ትንሽ። ዓሣ የምታገኙ ከሆነ በሳምንት አንድና ሁለት ቀን አብሉት፤ በውድ ለሚሸጠው ጠርሙስ ግን የቤት ኪራያችሁን አትንኩ።

ቅጠላ ቅጠልን በተመለከተ፣ ለዚህ ችግር ይሠራል ተብሎ የተረጋገጠ አላውቅም። ተፈጥሯዊ መሆን ደግሞ አለመጉዳት አይደለም፤ ኮሶም ከዛፍ የሚገኝ ነው፣ ሲበዛ ግን ይመርዛል። 15 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ላይ መጠኑን ማንም በእጁ ገምቶ ሊሰጥ አይገባም።

ሰባተኛ፦ አስተማሪዋን አግኙአት

ልጃችሁን ስታደርሱ በር ላይ ሳይሆን ቀጠሮ ይዛችሁ ሂዱ፤ ብዙ ልጆች በአንድ ክፍል ይዛ እንደምትለፋም ተረዱላት። አንድ ወይም ሁለት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ ከበርና ከመስኮት ርቆ ከፊት ይቀመጥ፣ በየጊዜው ጠመኔ እንዲያመጣ ወይም ደብተር እንዲሰበስብ ይላክ። በኮሚኒኬሽን ቡኩ ላይ ስሞታ ብቻ ከሚጻፍ በቀን አንድ መልካም ነገር እንድትጽፍ ለምኗት፤ ማታ ለዚያ አንድ ባቄላ ይጨመርለት። «ረባሹ» ተብሎ በልጆች ፊት እንዳይጠራም በትሕትና፣ ግን በጽናት ጠይቁ።

አሜሪካ የምትኖሩ ወላጆች ከ3 ዓመት ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤት ዲስትሪክቱ ልጃችሁን በነፃ እንዲመረምር በሕግ መጠየቅ ትችላላችሁ። ጥያቄውን በጽሑፍ አቅርቡ፣ ቀኑን ጻፉበት፣ ቅጂውን አስቀሩ፤ በስብሰባው ላይ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። እንግሊዝኛ የሚችለውን ታላቅ ወንድሙን ለማስተርጎም አትጠቀሙበት።

ሐኪም ዘንድ መቼ?

ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት አትጀምሩ። መጀመሪያ እንቅልፉንና የአምስት ደቂቃውን ጨዋታ፣ በሁለተኛው ሳምንት ትእዛዙን፣ ከዚያ ብርጭቆውን። ሁለትና ሦስት ወር በጽናት ሠርታችሁ ልጁ አሁንም ራሱን ለአደጋ የሚጥል፣ ከትምህርት ቤት የሚባረር፣ ጓደኛ የማይቀርበው ከሆነ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ወደ መንገድ ድንገት የሚሮጥ ወይም ራሱንና ሌላውን የሚጎዳ ከሆነ ደግሞ ያን ያህልም አትቆዩ። የሕፃናት ሐኪም መነሻ ይሆናል፤ አዲስ አበባ ውስጥ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ያኔ መድኃኒት ቢታዘዝ ሽንፈት አድርጋችሁ አትውሰዱት። 6 ዓመት ለሞላቸው ልጆች መድኃኒትና ይህ የቤት ሥራ አብረው እንዲሄዱ ነው የሚመከረው። ጠበል የምትወስዱትም ከሆነ ውሰዱት፣ ጸልዩለትም፤ ሐኪም ያዘዘውን፣ በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከሆነ፣ በራሳችሁ አታቋርጡ።

በቀጠሮው ቀን ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። ልጁ ቤት ውስጥ ሲጫወትና ሲመገብ በስልካችሁ የቀረጻችሁት ሁለትና ሦስት ደቂቃ ምስል ይኑራችሁ፤ ብዙ ልጆች በማያውቁት ክፍል ውስጥ ጸጥ ስለሚሉ ሐኪሙ እናንተ የምታዩትን ላያይ ይችላል። ከአስተማሪዋ አንድ ገጽ ማስታወሻ፣ የሚወስደው ማናቸውም መድኃኒትና ባህላዊ ነገር ዝርዝር፣ ከቤተሰቡም ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሰው ካለ እሱን ጨምሩ። ስለ ልጁ ክፉ ክፉውን ከመዘርዘራችሁ በፊት እሱ ውጭ ከሌላ ሰው ጋር እንዲቆይ አድርጉ።